ነጯ ዝይ የማን ናት?

ተረቴን ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ።

ከድሮም ድሮ፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ አንድ ሐይቅ ዳር ለምለም መስክ ነበር። መስኩ የማንም አልነበረም፤ የሁሉም ነበር። ነጩ ሳቢሳም፣ ሽመላውም፣ ዝዩም እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል። ጠባቂያቸው አባ ጎሽ የሚባሉ ሽማግሌ ጎሽ ነበሩ። ጉልበታቸው እንዳለ ነው፤ ዓይናቸውን ግን ሞራ ጋርዶታል። ስለዚህ ወደ መስኩ ማን እንደገባ የሚነግራቸው ቀበሮ ነበር።

የመስኩ ሕግ አጭር ነው፤ ወገን ያለው አይነካም። ወገን የሌለውን ባይተዋር ግን ቀበሮ ቢበላው የሚጠይቅለት የለም።

አንድ ቀን ማለዳ አንዲት ነጭ ወፍ ወርዳ ሐይቁ ዳር ዐረፈች። መስኩ ሁሉ ዞሮ አያት። ሳቢሳ እንዳይሏት አንገቷ ወፍራም፣ እግሯ አጭር ነው። ዝይ እንዳይሏት ደግሞ የዚያ አገር ዝይ ሁሉ ቡናማ ነው። እሷ ከአናቷ እስከ ጭራዋ ወተት ነች።

አባ ጎሽ ጉምጉምታውን ሰሙና፣ "ማን መጣ?" ብለው ጠየቁ።

"አንዲት ነጭ ወፍ ናት፣ አባ። ምን እንደሆነች አላወቅኋትም" አለ ቀበሮ።

"እንግዲያው ወገኗን ፈልግ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የኔ ናት የሚላት ከተገኘ ትኑር። ካልተገኘ ሕጉን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ፣ አባ" አለና ምራቁን ዋጠ።

ቀበሮ ወደ ነጯ ወፍ ሄዶ ለስለስ ባለ አንደበት፣ "ከየት ነሽ፣ የኔ እህት?" አላት።

"ከታች ወንዝ ነው የመጣሁት። ጫጩት ሳለሁ ጎርፍ ወሰደኝ፤ አንዲት ዳክዬ አግኝታ አሳደገችኝ። አንቺ ዝይ ነሽ፣ እናትሽ ከላይ ሐይቁ ዳር ናት ብላ ላከችኝ።"

ቀበሮ ዙሪያውን ቃኘ። የሰማ አልነበረም።

"በይ ስሚኝ" አላት ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ። "እዚህ አገር እንግዳ ከፍርድ በፊት አይናገርም። አንዲት ድምፅ ካሰማሽ አባ ጎሽ በቀንዳቸው ይወጉሻል። እኔ እናትሽን እፈልግልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ዝም በይ።"

ምስኪን፣ አመነችው። አፏን ዘግታ ተቀመጠች።

ቀበሮ መጀመሪያ ወደ ሳቢሳዎች ሄደ። "ነጭ ናት፤ የኛ ልትሆን ትችላለች" እያሉ ሲመካከሩ ደረሰባቸው።

"አይ እትዬ ሳቢሳ" አላት ትልቋን፣ "ዝይ ናት እኮ። ያነጣት ለምጽ ነው። የኔ ናት ያለ ሁሉ ይጋባበታል።"

ሳቢሳዎች ክንፋቸውን ሰብስበው ራቅ አሉ።

ከዚያ ወደ ሽመላዎች ሄደ። "ሳቢሳዎች ዓሣችሁን እንድትሰልል ያመጧት ናት" አላቸው። ሽመላዎች አንገታቸውን አዞሩ።

መጨረሻ ወደ ዝዮች ሄደ። እናት ዝይ ከባሏና ከጫጩቶቿ ጋር ሸንበቆው ሥር ቆማለች። ከማለዳ ጀምሮ ዓይኗን ከነጯ ወፍ ላይ አልነቀለችም። ያቺ ወፍ ውሃ ስትጠጣ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር ታደርጋለች። እንዲህ የምትጠጣ አንዲት ጫጩት ነበረቻት፤ ገና ስትፈለፈል ጀምሮ ነጭ የነበረች። ጎርፍ ወሰዳት።

"እማ ዝይ፣ ምን ታያለሽ?" አላት ቀበሮ።

"ምንም።"

"ያቺማ ሳቢሳ ናት። የሄደችበት ሁሉ ውሃ ስለሚደርቅ የገዛ ወገኖቿ አባረሯት።" ከዚያ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ እያየ፣ "ዘንድሮ ልጆችሽ አምረውልሻል። ዓይን አይይብሽ እንጂ፣ ጫጩት እኮ በአንድ ቀን ይጠፋል" አለና ሄደ።

እናት ዝይ ላባዋ ቆመ።

"ልጄ ናት" አለች ባሏን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ልጅሽን ጎርፍ ወስዷታል።"

"አየኋት እኮ።"

"እኔም አየሁ" አለ ባሏ። "የጠፋችውን ስንል ያሉንን እንዳናጣ። ዝም በይ።"

ዝም አለች። ፀሐይም ወደ ኮረብታው አዘቀዘቀች።

አባ ጎሽ ሁሉንም ሰበሰቡ። ነጯ ወፍ መሐል ቆመች። ቀበሮም ከጀርባዋ ተቀመጠ።

"ሳቢሳዎች፣ ይህች ወፍ የማን ናት?"

"ነጭ ብትሆንም የኛ አይደለችም" አሉ ሳቢሳዎች።

"ሽመላዎች፣ ይህች ወፍ የማን ናት?"

"ነጭ ናት፣ የኛ አይደለችም" አሉ ሽመላዎች።

ነጯ ወፍ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ታያለች። መናገር ፈለገች፤ ቀንዱን አየችና ተወችው። ቀበሮ ትንሽ ቀረብ አለ።

"ዝዮች፣ ይህች ወፍ የማን ናት?"

ባልየው ወደ መሬት እያየ፣ "ነጭ ናት፣ የኛ አይደለችም" አለ።

አባ ጎሽ በረጅሙ ተነፈሱ። "እንግዲህ ሁሉም ካዳት። ቀበሮ፣ ፀሐይዋስ?"

"ጠልቃለች፣ አባ።"

ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ጫፏ ኮረብታው ላይ ነበረች። ሁሉም አየ፣ ማንም አልተናገረም። ቀበሮ ተነሳ። እንደ ድመት ዝቅ ብሎ አንድ እግሩን አነሳ።

ያን ጊዜ እናት ዝይ አላስቻላትም። ጫጩቶቿን በምትጠራበት ድምፅ፣ ከአንጀቷ ተጣራች።

ነጯ ወፍ ማሰብም አልቻለችም። ቀንዱንም ክልከላውንም ረስታ በዚያው ድምፅ መለሰች። እናት ጠራች፣ ልጅ መለሰች። ቀበሮ ያነሳውን እግር ሳያወርድ ቀረ።

"ቁም" አሉ አባ ጎሽ። "እኔ ነጭና ቡናማ አይታየኝም። ዝይ ስትጣራና ዝይ ስትመልስ ግን ሰማሁ። ዝይ አይደለችም ያለኝ ማን ነው?"

"ኧረ እኛ ዝይ ናት ተብለናል" አለች ትልቋ ሳቢሳ። "ለምጽ ያለባት ዝይ ናት ብሎን ነው ቀበሮ።"

"ለኛ የሳቢሳ ሰላይ ናት አለን" አሉ ሽመላዎች።

"እኔን በልጆቼ አስፈራራኝ" አለች እናት ዝይ።

አባ ጎሽም፣ "በበጋ የመጣችው ቆቅስ? ወገን የላትም ተብዬ ነበር" አሉ።

ከቁጥቋጦው ሥር አንዲት ቆቅ ቀስ ብላ ወጣች። "እህቴ ነበረች፣ አባ" አለች። "እኔንም ዝም በይ ብሎኝ ነው።"

ቀበሮ ያን ጊዜ ሮጦ ቢሄድ ያመልጥ ነበር። እሱ ግን በአንደበቱ ያምናል፤ "አባ፣ ነገሩ ተምታቶብኝ እንጂ፣ እኔ ለርስዎ ብዬ..." እያለ ይለማመጥ ጀመር። ዓይናቸው የተጋረደው አባ ጎሽ ድምፁን ተከትለው መጡ። ቀንዳቸው ጎኑን አገኘው። እያነከሰ ገደሉን ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መስክ ያየው የለም።

ምሽት ላይ እናት ዝይ ነጯን ልጇን ወደ ሸንበቆው ወሰደቻት። ጫጩቶቹ እየተጋፉ ነጩን ላባ ያሸቱ ነበር።

"እማዬ፣ ጠዋት ስመጣ አወቅሽኝ?" አለች ልጅ።

"አወቅሁሽ።"

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?"

እናት ክንፏን ዘርግታ አለበሰቻት። አባትየውም ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ነው ያነጋው።

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ "ዘመድ ዝም ካለ፣ ቀበሮ ዳኛ ነኝ አለ" የሚባለው።