እንባዋን ያሳየው መነጽር

አንድ ሰው ነበረ። ጫካ ሥር ባለች መንደር የሚኖር፣ እጁ የማይስት ተኳሽ።

በዚያ መንደር በቆሎው እሸት ሲሆን ዝንጀሮ ከጫካው ይወርዳል። በሌሊት ተደብቆ አይደለም፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ በጠራራው ቀን ነው። ስለዚህ የጠመንጃ ፈቃድ ያላቸው ወንዶች ሳምንት ሳምንት ተራ ይገባሉ። ባለ ተራው ማሳዎቹን ቁልቁል ከሚያሳየው ጉብታ ላይ ይወጣል፤ መንጋውን የሚመራውን ትልቁን ወንድ ነጥሎ ይመታል። መሪው ሲወድቅ መንጋው ለሳምንታት አይመለስም። ሌላው ሰው ጉብታው ላይ ሰው አለልኝ ብሎ ሥራውን ይሠራል።

ተራው የዚህ ሰው ሆነ።

እሁድ ከሰዓት ታናሽ ወንድሙ መጣ። ይህ ወንድሙ የውጭ አገር አዳኞችን እየመራ ጫካ የሚያስገባ ነው። ሁለት የጠመንጃ መነጽር ይዞለት መጣ፤ ጠመንጃ ላይ ታስሮ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ፣ ለማነጣጠር የሚያገለግል። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ አዳኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ስጦታ ብለው የሰጡት።

"አንዱ ያንተ ነው፤ የወደድከውን ምረጥ። ሌላውን ቅዳሜ በሚመጣው መኪና መልስልኝ" አለው።

ሰውዬው ወዲያው አሮጌውን መነጽር ከጠመንጃው ላይ ፈታው። ልብ በሉልኝ፤ አሮጌው አልተሰበረም። ጠርዙ ትንሽ ተጭሯል እንጂ አምና ከዚያው ጉብታ ላይ፣ በዚያው መነጽር መሪውን መትቶ ጥሏል። ግን ፈታው።

ሰኞ ጠዋት ዳመነች የምትባል ጎረቤቱ መጣች። የዳመነች ማሳ የመጨረሻው ነው፤ ከጫካው ጋር ይዋሰናል። ባሏ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ፤ እግሩ ተሰብሮ ቤት ተኝቷል። በዚያ ዓመት ያ ቤተሰብ የሚበላው ያን በቆሎ ብቻ ነው። ሌላ የለም።

"ጋሼ፣ ዛሬ አልወጣህም እንዴ?" አለችው።

"እወጣለሁ ዳመነች። አንዴ ይህን ልምረጥና።"

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት መነጽሮች አየች። "ምኑን ነው የምትመርጠው? ሁለቱም ጥቁር ቧንቧ አይደሉም እንዴ?"

ሳቀባት። "አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ይሄኛው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንኳ ብርሃን ይሰበስባል። ያኛው ደግሞ እንደፈለግሽ ታቀርቢዋለሽ፣ ታርቂዋለሽ፤ ጭጋግም አይዘውም።"

"ዝንጀሮዎቹ የሚመጡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ብርሃን ሰብስበህ ምን ልታደርገው ነው?"

"አይ አንቺ! እወጣለሁ አልኩሽ እኮ፤ ነገ እወጣለሁ።"

"በል እሺ። እኔ ከታች በኩል እጠብቃለሁ። የላይኛውን ላንተ ትቼዋለሁ።"

አምናው ሄደች።

ማክሰኞ ወጣ። ቃሉን ጠበቀ፣ አይደል? ወጣ። ጓደኛውን ቦጋለን ይዞ ወጣ። ሁለቱን መነጽሮች ይዞ ወጣ። ጠመንጃው ግን ቤት ነው፤ መነጽሩ ሳይመረጥ ጠመንጃው ምን ያደርግለታል?

ጉብታው ላይ ተቀምጠው በየተራ አዩ። ዛፍ አዩ። የጤና ጣቢያውን ጣሪያ አዩ፤ የቆርቆሮውን ሚስማር ቆጠሩ። ሁለቱም መነጽሮች አጥርተው ያሳያሉ። መምረጥ አቃታቸው።

"የቆመ ነገር አይለያቸውም፤ የሚንቀሳቀስ እንይባቸው" አለ ቦጋለ።

ከታቻቸው የዳመነች ማሳ ነበረ።

መንጋው ገብቷል። በየት በኩል? በላይኛው በኩል፣ ለእሱ በተተወው በኩል። ዳመነች ማማው ላይ ቆማ ወንጭፏን ትወነጭፋለች። ዝንጀሮ ደግሞ ሴትን አይፈራም፤ ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ድንጋዩ አጠገቡ ሲያርፍ ዞር ብሎ አይቷት መብላቱን ይቀጥላል። ቀና ስትል ጉብታው ላይ ሁለት ወንዶች አየች። ሻሿን ፈትታ አውለበለበች። ጮኸች። ጠመንጃው መጣ ብላ ነው። ደረሱልኝ ብላ ነው።

"እሷን ያዛት፤ ጥሩ እየተንቀሳቀሰች ነው" አለ ቦጋለ።

"ይዣታለሁ። የሻሿ አበባ ሁሉ ይታየኛል።"

"ያ ምን አለው፤ እስቲ በዚህኛው… ጠብቅ፣ ጠብቅ! ሰውዬ፣ እያለቀሰች እኮ ነው። እንባዋ ይታያል!"

"ሂድ፣ አትቀልድ!"

"እንካ እይ እንጂ! ጉንጯ ላይ ሲወርድ።"

ሰውዬው ተቀብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ምን አለ?

"ግሩም ነው" አለ። "በቃ፣ ይሄ ነው የኔ።"

ወገኖቼ፣ ከጉብታው እስከ ማሳው አራት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለት ወንዶች እየጮኹ ቁልቁል ቢሮጡ መንጋው ይበተን ነበር። ጥይት አያስፈልግም። መነጽር አያስፈልግም። እግር ይበቃል። እስቲ ንገሩኝ፤ ለእነዚህ ሰዎች ምን ጎደላቸው? ማየት? እንባዋን አይተዋል! መረጃ? ማን እንደሆነች፣ ምን እንደደረሰባት፣ ባሏ የት እንደተኛ ያውቃሉ! ምንም አልጎደላቸውም። ወደ ቤት የተመለሱትም ደስ ብሏቸው ነው፤ የመጡበት ጉዳይ ተሳክቷል።

ረቡዕ መነጽሩን አሰረ። ቆርቆሮ አቁሞ አነጣጠረ፤ ሦስት ጥይት ተኮሰ፣ ሦስቱም አንድ ቦታ ገቡ። ሐሙስ ጠዋት ጠመንጃውን ወልውሎ ወደ ዳመነች ማሳ ወረደ።

በቆሎ የለም። አገዳው ተሰባብሮ ተጋድሟል፤ ግማሹ የተጋጠ እሸት በየቦታው ወድቋል። ዳመነች ጎንበስ ብላ የተረፈውን አገዳ ለላሟ ታጭዳለች።

"መጣሁ ዳመነች። ከእንግዲህ አንድም አያመልጠኝም" አላት።

ቀና አላለችም። "ምኑን ልትጠብቅ?"

"ኧረ እኔም አዝኛለሁ። ማክሰኞ ስታለቅሺ ሳይሽ አንጀቴን በላሽው።"

የማጭዱ ድምፅ ቆመ። "አየኸኝ?"

"አዎ… አየሁሽ።"

"እኔ እኮ አላዩኝም ብዬ ነው ድምፄ እስኪዘጋ የጮኽኩት። ለባሌም 'አላዩኝም' ነው ያልኩት። እሱ ሲራገም፣ 'ተው፣ ፀሐይዋ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ይሆናል' ብዬ የተሟገትኩላችሁ እኔ ነኝ።"

ሰውዬው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?

ይህን ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምነግራችሁ ስላልተቆጣሁ አይደለም። ተቆጥቻለሁ። ያላየ ሰው ቢሆን ይቅር እንለው ነበር። ሩቅ ቢሆን፣ ዓይኑ ቢደክም፣ ወሬው ባይደርሰው ይቅር እንለው ነበር። ይህ ሰው ግን በመንደሩ ካሉት ሁሉ አጥርቶ ያየ ነው። ያየውን ግን ምን አደረገበት? ዕቃውን ፈተነበት። የሰው እንባ የመነጽር መሞከሪያ ሆነ።

እናንተስ? እኛስ?

ረቡዕ ረቡዕ ለጸሎት እንሰበሰባለን። የአንዲት እህት ችግር ይነሳል። ስሟ ይነገራል፣ ሰፈሯ ይነገራል፣ ጣሪያዋ የሚያፈስበት ማዕዘን፣ ልጆቿን ሰብስባ የምትተኛበት ጥግ ሳይቀር ይነገራል። አንዱ ተነስቶ ይጸልያል፤ ሌላዋ ትቀጥላለች፤ እናለቅሳለን። ከዚያስ በር ላይ ምን እንባባላለን? "የእሷ ጸሎት ግን እንዴት ልብ ይነካል!" "አይ፣ የዛሬ ሳምንት የጸለየው ይበልጣል።" ጣሪያውስ? ጣሪያው ያፈሳል። ከመካከላችን መሰላል ያለው ሰው ጠፍቶ ነው? ቆርቆሮ መምታት የሚችል ጠፍቶ ነው? ሦስት አናጺዎች አሉን! በስም አውቃቸዋለሁ። ሦስቱም ያን ዕለት "አሜን" ሲሉ ሰምቻለሁ።

በስልካችን የታመመ ወንድም ፎቶ ይላካል። የከሳ ፊቱን ከፍተን እናየዋለን፣ በሁለት ጣት እናጎላዋለን። "እግዚአብሔር ይማርህ" እንጽፋለን። ከዚያ በታች አርባ ሰው "አሜን" ይጽፋል። ሆስፒታሉ ሁለት ፌርማታ ነው። አርባ ሰው! አንዱ እንኳ ሾርባ ይዞ አልሄደም።

ሰባኪ እናወዳድራለን፤ ማነው የድሃውን ኑሮ ዓይናችን ላይ አምጥቶ የሚያሳየን እንላለን። ለዚህ ነው አንድ ነገር የምለምናችሁ፤ ዛሬ ስትወጡ እጄን ጨብጣችሁ "ታሪኩ ግሩም ነበር" አትበሉኝ። እባካችሁ። ያን የሚሉኝ ሰዎች ጉብታው ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው፤ እኔም መነጽራቸው ሆኛለሁ።

እግዚአብሔር የሰውን መከራ ያሳየን ዓይናችን ጥሩ እንደሆነ እንድናውቅ አይደለም። ሲያሳየን ልኮናል ማለት ነው። የላከን ደግሞ ምን ያህል አጥርታችሁ አያችሁ ብሎ አይጠይቀንም፤ ደረሳችሁ ወይ ነው የሚለን።

አሁን እየተናገርኩ ሳለ የአንድ ሰው ስም ወደ ልባችሁ መጥቷል። አውቃለሁ፤ ለእኔም መጥቷል። ያን ስም ለእኔ አትንገሩኝ። ለጸሎት ቡድኑ አታስመዝግቡት። ሌላ ሳምንትም ቆማችሁ አትመስክሩልን።

የመዝጊያው መዝሙር ረጅም ነው። የዚያ ያሰበው ሰው ቤት ቅርብ የሆነለት መዝሙሩ እስኪያልቅ አይጠብቅ፤ አሁን ይነሳ። በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ፣ እግራችሁን ሰብስቡና አሳልፏቸው።