ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምርኩዝ

አንዲት ልጅ ሐኪም ፊት ዋሸች። የዋሸችው ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አጠገቧ ተቀምጠው ስለነበር ነው። በዚያ ውሸት እናቷን ልታጣ ነበር።

እናትየው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በምርኩዝ ይሄዱ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ተጸለየላቸው፤ ተሻላቸው፤ መድረክ ላይ ወጥተው ተፈወስሁ ብለው መሰከሩ። ጉባኤው አጨበጨበ። ሽማግሌዎቹም ምርኩዛቸውን ተቀብለው ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ሦስት ወር ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰ። ምርኩዜን መልሱልኝ እንዴት ይበሉ? ለማንስ ይበሉ? ሰው ወደማያውቃቸው ከተማ ሄደው ታከሙ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ታዘዘላቸው፤ በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ቦርሳ ውስጥ ደብቀው በየጠዋቱ ይውጡ ጀመር። የምታውቀው ልጃቸው ፌቨን ብቻ ነበረች።

ከዚያ የኩላሊት ኢንፌክሽን ያዛቸው። አራት ቀን አስመለሳቸው፤ ውሃም ክኒንም ሆዳቸው ውስጥ አልረጋ አለ። ሆስፒታል ሲደርሱ ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው ገብቶ፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ ነበር። ጉሉኮስ ተሰጣቸው። ፀረ ባክቴሪያ ተሰጣቸው። ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት ተተከለላቸው፤ መጠኑ ተጨመረ፤ እንደገና ተጨመረ። ግፊቱ አልነሣ አለ።

ተረኛዋ ሐኪም ዶክተር ነጃት ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ፌቨን የእናቷን የመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሊጠይቁ ከመጡት ምእመናን መካከል ተቀምጣለች። ሐኪሟ እናቷ ቤት የሚወስዱት መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻት። ፌቨን አፏን ሳትከፍት ሽማግሌው አቶ ጴጥሮስ ቀደሟት።

"ጌታ ከፈወሳት ወዲህ ክኒን በአፏ አልዞረም፣ ዶክተር።"

ነጃት ዓይኗን ከፌቨን ላይ አላነሣችም። "አንቺን ነው የጠየቅሁት።"

"የለም" አለች ፌቨን።

አንድ ቃል። ስንቶቻችሁ ብላችሁታል?

ሐኪሟ ተመልሳ ገባች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትወጣ ፊቷ ተለውጦ ነበር። ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል መርፌ እንዳለ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ እንደሚረዳ፣ ነገር ግን የታማሚዋ ስኳር በጣም ስለጨመረና መርፌውም ይብሱን ስለሚጨምረው እያመነታች እንደሆነ ነገረቻቸው። ተመሳሳይ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ቆይተው ከነበረ ግን ማመንታት የለም። ክኒኑን የለመደ ሰውነት ያንኑ የሚመስለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል፤ ክኒኑ በድንገት ሲቋረጥበት ግፊቱን የሚይዝበት ነገር ያጣል።

"እንደዚያ ከሆነ፣ ስጠብቅ የምገድላቸው እኔ ነኝ" አለች። "ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ።"

ፌቨን በቦርሳው ጨርቅ ላይ የክኒኑን ማሸጊያ በአውራ ጣቷ ትዳስሰው ነበር። እናቷ ብሞት እንኳ እንዳትናገሪ ብለው አስምለዋታል። አቶ ጴጥሮስ ያዩዋታል። ያን ሁሉ ጭብጨባ አስታወሰች። ዚፑን ከፈተችና ማሸጊያውን አውጥታ ሐኪሟ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

"ከሁለት ዓመት በላይ፣ በየጠዋቱ። ካቋረጠች አራት ቀኗ ነው።"

ነጃት አልተቆጣችም። ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም፤ ሮጠች።

አቶ ጴጥሮስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ የእናትሽን ምስክርነት አፈረስሽው" አሏት።

"ጋሼ፣ እናቴ እየሞተች ነው።"

መርፌው ተሰጠ፤ በየስድስት ሰዓቱ ተደገመ። በማግስቱ ግፊቱ ያዘ። በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤታቸው ገቡ።

አሁን በፌቨን ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ውሸቱን ማን ጀመረው? እናትየው የመሰከሩ ዕለት እውነታቸውን ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ግን ጉልበትዎ እንዴት ነው ብሎ የጠየቃቸው ማን ነው? እናንተስ ያጨበጨባችሁለትን ሰው ተመልሳችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ወይስ አመመኝ ቢላችሁ እምነቱን ትመረምራላችሁ? እግዚአብሔር በክኒን አያፍርም። የምናፍረው እኛ ነን፤ በእኛ እፍረትም ሰው ይሞታል። ዛሬ አጠገባችሁ ተቀምጦ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" የሚላችሁን ሰው እዩት። ቦርሳው ውስጥ ምን ደብቋል? ከማን ነው የደበቀው?

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መራመድ እንደቻሉ አንድ እሑድ በፌቨን ክንድ ተደግፈው ወደ ጉባኤው ገቡ። መድረኩ ላይ ቆመው አልተናገሩም። በጎን በኩል አልፈው ግድግዳው ጋ ደረሱና ምርኩዛቸውን አወረዱት። አቶ ጴጥሮስ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"የኔ ነው" አሏቸው ሴትየዋ። "ጉልበቴን ያመኛል።"

በአንድ እጃቸው ልጃቸውን፣ በሌላው ምርኩዛቸውን ይዘው በመካከል አለፉ። ሦስት መቶ ሰው ተቀምጧል፤ ሊሸኛቸው የተነሣ የለም። ወጡ፤ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።