ሰማንያ እስኪሞላ

ነይ ወዲህ ትርንጎ፣ ጠጋ በይ። ሐምሌ ነው፣ ደጁ ጭቃ ነው፣ ሰማዩም አልገለጥ ብሏል፤ የትም አትሄጂ። ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ ለምን ይከበራሉ፣ ሠላሳ ዘጠኝስ ምን በደለ አልሽኝ አይደል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ የማውቀውን ነው የምነግርሽ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ። ልጅ አልቆምለት ብሎ ብዙ ዘመን ኖረና በስተርጅናው ሚስቱ መንታ ወለደችለት፣ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። መቼም ታውቂያለሽ፣ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ ይላሉ ካህናቱ። ወንዱ በአርባው ተጠመቀ፤ ጡት አይበቃው፣ ጉንጩ ሙልት አለ። አባትየው ይህን ሲያይ ልቡ ቀኑ ላይ ተጣበቀ።

አትፍረጂበት፣ ምክንያት አለው። ከዚያ በፊት የተወለደችላቸውን ሴት ልጅ፣ ብትታመምባቸው ቀኗ ሳይደርስ አስጠምቀዋት፣ በማግስቱ ሞታባቸዋለች። እሱም የገደላት የጎደለው ቀን ነው ብሎ በልቡ ያዘ።

ወይ ልጄ! ክረምቱ ገባና ሕፃኗ ማሳል ጀመረች። ጡቱንም ተወችው። እናትየው ወደ ቄሱ ሰው ላከች፤ እሳቸውም ያንን ሁሉ ጭቃ ረግጠው በዝናብ መጡ።

«ለታመመ ሕፃን ቀን አይጠበቅም፤ ሥርዓቱም ይፈቅዳል። አሁኑኑ ይዛችሁ ተከተሉኝ» አሉ።

«ይፍቱኝ አባ፣ ቀኗ ሲሞላ ራሴ አመጣታለሁ» አለ ገበሬው።

«አንተ ሰውዬ፣ እሷ መቁጠር ታውቃለች እንዴ?» አለች ሚስቱ። «ትንፋሿን አትሰማም?»

«የፊተኛዋን በጥድፊያ ወስደን ምን አተረፍን? ወንዱንስ አታዪም?»

ሚስቱ ሕፃኗን አዝላ ተነሣች። ያን ጊዜ ሰውየው ሄዶ ደጃፉ ላይ ተጋደመ።

«በይ፣ ተራምደሽኝ ሂጂ» አላት።

በዚያ አገር ባሏን ተራምዳ የምታልፍ ሴት የለችም፤ የተኛን ሰው መራመድ ሞት መጥራት ነው። አዝላ ቆመች፣ ቆመች፣ በመጨረሻው አወረደቻት። ቄሱም ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው በቤቱ ላይ አማትበው ተመለሱ።

ሕፃኗ ሰማንያ ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀራት ዐረፈች። ክርስትና አልተነሣችምና ፍትሐት የለ፣ ምን የለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበሯት።

በሰማንያኛው ቀን ማለዳ ሰውየው ንጹሕ ነጠላውን ለብሶ፣ ባዶ እጁን ክርስትና ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ምን ሆንክ ልጄ?» አሉት ቄሱ።

«ቀኗ ነው» አላቸው።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ያ ገበሬ እኛው ነን። ሰው ሞትን አያዝም፣ ሕመምን አያዝም፤ መቁጠር ግን ይችላል። ስለዚህ ሲፈራ አንድ ቁጥር ይይዝና ፍርሃቱን ሁሉ ይጭንበታል። ከአባት እስከ ልጅ ሲጫንባቸው ኖሮ ነው ሰባትም አርባም እንዲህ የከበዱት። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ማንም አላለቀሰበትም። እግዜር ቀኑን የሰጠን እንድናርፍበት ይመስለኛል፤ እኛ ወስደን በር ላይ አጋደምነው። ይህን የነገርኩሽ መቁጠሩን ትተይዋለሽ ብዬ አይደለም። አንቺም ስትፈሪ ትቆጥሪያለሽ፣ እኔም እቆጥራለሁ። ሌላ ምን አለን?

ከዚያስ አልሽኝ? ሚስቱ ወንዱን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ገባች፤ ሌላ ባልም አላገባች። ልጁ አደገና ቆላ ወርዶ እዚያው ቀረ። ቄሱ አርጅተው ዐይናቸው ጠፋ። ሰውየው ብቻውን ኖሮ ብቻውን ሞተ። እሱን አጥር ውስጥ ቀበሩት፤ ሕፃኗ አሁንም ውጭ ናት።