ያልተጻፈው አርባ ዲግሪ

በአንድ ወቅት፣ ሳህንና ሲኒ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ፣ በአንድ ምድጃ ላይ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሙቀቱን የሚነግራቸው ቴርሞካፕል ነው፤ የሁለት ዓይነት ብረት ሽቦ ጫፉ ላይ ተበይዶ እሳቱ ውስጥ የሚገባ ዘንግ። ዘንጉ ስላረጀ ሁልጊዜ አርባ ዲግሪ አሳንሶ ያሳያል። ሠራተኞቹ ለምደውታል። «አርባ ጨምር» ይባባላሉ። የትም ግን አልጻፉትም።

ጸዳለ ከቴክኒክ ኮሌጅ ወጥታ በተቀጠረች በሦስተኛው ሳምንት አሮጌውን ዘንግ በአዲስ ቀየረች። በፈረቃው መዝገብም ጻፈችው። በቃልም ልትናገር ወደ ምሳ ክፍሉ ሄደች። ከሠራተኞቹ አንዱ «ኢንጂነሯ መጣች፣ እግራችሁን ሰብስቡ» ሲል ሁሉም ሳቁ። ፊቷ ጋለና ከበሩ ተመለሰች። «ጽፌዋለሁ አይደል» አለች ለራሷ። ስለ አርባው የነገራት ሰው አልነበረም።

ጋሽ ደበላ ሃያ ሁለት ዓመት እሳት ፊት የቆሙ ሰው ናቸው። ያን ቀን ከሰዓት ገቡ። መዝገብ ገልጠው አያውቁም። ምድጃው የሚፈልገው ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ መለኪያው ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ሲል አርባ ጨመሩና እሳቱን ዘጉ። ምድጃው ሲከፈት ሳህኑ ሁሉ ያልበሰለ፣ ውኃ የሚመጥ ሆኖ ወጣ።

የፈረቃው ኃላፊ ሙሉዓለም መዝገቡን ገለጠ። የጸዳለን ጽሑፍ አየ፤ ከሥሩም ሳያነብ የፈረመውን የራሱን ፊርማ። ገጹን ቀደደው።

«እንዳትጠየቂ፣ ላንቺ ብዬ ነው» አላት ጸዳለን።

የፋብሪካው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ጋሽ ደበላ አልተከራከሩም። «አርባውን ሁለቴ ደምሬው ይሆናል። ጭንቅላቴ ከድቶኛል» አሉ። ጸዳለ ከኋላቸው ተቀምጣ ነበር። ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። ሽማግሌው ከሥራ ተሰናበቱ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት በየበዓሉ ስኳርና ዘይት ይዛ ትጠይቃቸዋለች። «ልጄ፣ ያልረሳሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» ይሏታል፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። ዘንድሮ ለፋሲካ ግን ዘንጉንም፣ የተቀደደውን ገጽም፣ ዝምታዋንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ታዲያ ያኔ ጭንቅላቴ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር፣ ጋሼ።»

እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ አይተዋት እንደማያውቁ ሁሉ ፈገግ ብለው «አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች። ከነገረቻቸው አንዱንም አላስታወሱም፤ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። እንደገና አለቀሱ፤ እንደገና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት።

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። አንዷ ጽፋ ከበር ተመለሰች፣ አንዱ ሳያነቡ ደመሩ፣ አንዱ አንብቦ ቀደደ። ሽማግሌው ራሳቸውን ሲጠራጠሩ የኖሩበትን ያን ሁሉ ዓመት መሸከም የሚገባው የትኛው ነው?