የሚያለቅሰው ካብ

አንድ ነጋዴ በስተርጅናው ሱቁን ለልጆቹ አስረክቦ አሮጌ አውቶቡስ ገዛ። ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ ዘረጋበት፤ ምድጃና የውኃ በርሜል አስገባበት፤ በመስኮቶቹ ላይ መጋረጃ ሰቀለ። ከዚያም ከሚስቱ ከወይዘሮ ስንዱ ጋር ቤቱን በጎማ ላይ ጭኖ አገር ለማየት ተነሣ።

ሙዚየም ካለ ይገባል። መንገድ ዳር «ጎብኙ» የሚል ሰሌዳ ካየ ይቆማል። የነገሥታት ካባ አየ፤ የዛገ መድፍ አየ፤ ሰው የሚመስል ቋጥኝና ቤት የሚያህል የሲሚንቶ አንበሳ አየ። ፎቶ አንሥቶ ያልፋል።

«አርባ ሦስተኛው!» ይላታል ሚስቱን።

«ምኑን አየኸውና? ሞተሩ እንኳ ሳይበርድ» ትለዋለች።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ከእግሩ እስከ ራሱ በድንጋይ ካብ የተደረደረ ተራራ ሥር ደረሱ። በየካቡ ላይ ጠባብ ማሳ አለ። መንገዱ ዳር ካለች ትንሽ ሙዚየም ውስጥ አንድ የድንጋይ መዶሻ በመስታወት ተቀምጧል፤ «የጥንት ሰዎች በዚህ ይሠሩ ነበር» ይላል ጽሑፉ። በውጭ ደግሞ የካቡ አንዱ ክፍል በሽቦ ታጥሯል። በድንጋዮቹ መካከል ሲሚንቶ ተሞልቶበት ተስተካክሏል፤ ሰሌዳም ቆሞለታል፦ «ጥንታዊ ቅርስ። መንካት ክልክል ነው።»

ነጋዴው አውቶቡሱን ከሥሩ አቆመ። ጠረጴዛ አውጥቶ ምሳ ሊበላ ሲል የብረት ድምፅ ሰማ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሽቦውን ተሻግሮ ሲሚንቶውን በዲጂኖ ይፈለፍላል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ማንበብ አትችልም?»

«ሦስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። አንብቤዋለሁ» አለ ገበሬው። ዲጂኖውን አላቆመም። አያ ድፋባቸው ይባላል።

«ይህን ለማየት ሁለት ቀን ነድቻለሁ እኮ! ቅርስ ታፈርሳለህ?»

«ካቡን አባቴ ነው የካበው። ከበላዩ ያለው ማሳ የእኔ ነው፤ ዘጠኝ ሰው ይበላበታል። አንተ የቆምክበት ላይ ሊወርድ ነውና ቤትህን አንሣ።»

ነጋዴው ቀና ብሎ አየ። ካቡ ልትወልድ እንደ ደረሰች ላም ሆዱ ተነፍቷል።

«ካብ ያለ ጭቃ የሚካበው ዝናቡ በስንጥቁ እንዲወርድ ነው» አለ ገበሬው። «ካብ ማልቀስ አለበት። እነዚህ የሙዚየሙ ሰዎች ለእንግዳ እንዲያምር ብለው አፉን ደፈኑት። ውኃው ከኋላው ተቋጥሯል።»

«ለኃላፊው አትነግርም ነበር?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩ። ባለሙያ እስኪመጣ ጠብቅ አሉኝ። ለዝናቡም ንገሩልኝ አልኳቸው።»

«ቢሆንም የጥንት ነገር አይነካም።»

ገበሬው ለመጀመሪያ ጊዜ ዲጂኖውን አሳርፎ ወደ አውቶቡሱ ዞረ። «ይኼ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሠላሳ ያልፈዋል።»

«ጎማውን ለውጠህለት ታውቃለህ?»

«ባልለውጥማ እንዴት እዚህ እደርሳለሁ?»

«ታዲያ ለምን ነካኸው? ጥንታዊ ነው እኮ።»

ከመጋረጃው ኋላ ወይዘሮ ስንዱ ሳቋ አመለጣት። «መልስ እንጂ!» አለችው።

«እኔ... እኔ እኖርበታለሁ» አለ ነጋዴው።

«እኔስ በምን የምኖር መሰለህ?»

ነጋዴው ጠረጴዛውን አጥፎ አስገባ። አውቶቡሱን ራቅ አድርጎ አቆመና ተመልሶ መጣ። በመንገዱ ላይ አንድ ድንጋይ ወድቆ አገኘና ተሻገረው።

«ተመለስ» አለው ገበሬው። «በዚህ አገር የወደቀ ድንጋይ ተሻግሮ ማለፍ ነውር ነው። ካቡ የማንም ይሁን፣ ያየ ሰው ይመልሳል።»

ነጋዴው ድንጋዩን ተሸክሞ ሰፊውን ጎን ወደ ውጭ አድርጎ አስቀመጠው። እንዲያ ያምር ነበር። ገበሬው አውጥቶ አዞረው። «ርዝመቱ ወደ ውስጥ ይግባ። ለዓይን ያስቀመጥከው ድንጋይ በአንድ ክረምት ይወድቃል።»

«እሺ፣ አያ» አለ ነጋዴው። ከዚያ በኋላ አንተ አላለውም። ወይዘሮ ስንዱም ነጠላዋን በወገቧ አስራ የሲሚንቶውን ስብርባሪ ማጋዝ ጀመረች።

ግማሹን እንደ ከፈቱ የሙዚየሙ ኃላፊ ከሁለት ጥበቃዎች ጋር እየሮጠ ደረሰ።

«አያ ድፋባቸው! ነግሬዎት አልነበረም?»

«ነግረውኛል። ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ቢያስቡ ነው?»

«እምቢ ብዬ ነው።»

ጥበቃዎቹ በሁለት ክንዱ ያዙት። አልታገላቸውም። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲወስዱት «ግማሹ ቀርቷል» ብቻ አለ። ነጋዴው «እኔም አብሬ ነበርኩ» ብሎ ቢከተልም ኃላፊው «እርስዎ እንግዳ ነዎት» ብሎ መለሰው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ነጋዴውና ሚስቱ በአውቶቡሱ መስኮት ያያሉ። የተከፈተው ግማሽ በየስንጥቁ ቡናማ ውኃ ያለቅስ ጀመር፤ አለቀሰና ጸንቶ ቆመ። የተደፈነው ግማሽ አንዲት ጠብታ አላወጣም። ቆይቶ እንደ ነጎድጓድ ጮኸና ተሰነጠቀ። ድንጋዩ፣ አፈሩ፣ የበቀለው ማሽላና ሰሌዳው አንድ ላይ መንገዱ ላይ ወረዱ። ጠረጴዛው ተዘርግቶበት የነበረው ቦታ አይታይም።

በማግሥቱ ነጋዴው ያየውን ሊመሰክር ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ኃላፊው ቀድሞት ደርሷል፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። ገበሬው ፊት አንድ ወረቀት ተቀምጧል።

«የይቅርታ ደብዳቤ ነው። ይፈርሙና ይውጡ፣ አባቴ» አለ ኃላፊው። «መንገዱ ተዘግቷል። ካብ የሚያውቅ ሰው ቸግሮናል።»

አያ ድፋባቸው ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያም መልሶ ገፋው።

«ይቅርታስ አለብኝ» አለ። «ያልደረስኩለትን ግማሽ ካብ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እናንተን ግን አልጠይቅም። ደግማችሁ ብትደፍኑት ደግሜ እከፍተዋለሁ። ይህንንም ከፈለጋችሁ ጻፉት፤ እሱን እፈርማለሁ።»

ማንም ብዕር አላነሣም። ገበሬው ተነሥቶ ወጣ፤ የሚያስቆመውም አልተገኘም።

ከአባት የተረከቡት ነገር የሚቆየው የሚኖርበት ሰው እጅ ሳይለየው ሲቀር ነው። የሚኖርበትን ከልክሎ ለሚያየው ብቻ የሚያሳምር ሰው፣ በመጨረሻ የሚያሳየውም ያጣል። እምቢ ያለ ሁሉ አፍራሽ አይደለም፤ የቆመው ግማሽ የቆመው አንድ ሰው እምቢ ስላለ ነው።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፦ ለእንግዳ አምሮ እንዲታይ ብላችሁ አፉን የደፈናችሁት፣ ከውስጥ ግን ሆዱ እየተነፋ ያለ ምን አላችሁ?