ብራናው ላይ የነበረው ፊት

ሰው እየሳቀ የሚተርታት አንዲት ተረት አለች። መነሻዋን ለሚያውቅ ግን ሳቁ ቶሎ አይመጣለትም።

ነገሩ የሆነው ፎቶግራፍ ገና ባልደረሰባት አንዲት የጎጃም ከተማ፣ የገና ሰሞን ነው። ወይዘሮ የውብዳር ለታላቅ እህቷ ለእትዬ ሙሉዓለም የበዓል ስጦታ የሚሆን ሥዕል ልትመርጥ ወደ መሪጌታ ድንቁ ቤት ሄደች። እትዬ ሙሉዓለም በዚያው ዓመት ባሏ ሞቶባታል። "ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ፊቱ ግን ከዓይኔ እየጠፋ ነው" እያለች ታለቅስ ነበር።

መሪጌታ አንዱን ሥዕል ሁለቴ የመሣል ልማድ የላቸውም። ያላቸውን አንድ በአንድ እያነሡ ሲያሳዩአት ክንድ የማትሞላ ብራና ወጣች። ዓምና የገና ጨዋታ ሲደረግ ሜዳው ዳር ተቀምጠው የሣሏት ናት። ከተጫዋቾቹ መሐል ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ የሚሮጠውን ስታይ የውብዳር ክው አለች።

"መሪጌታ! የእህቴ ባል እኮ ነው!"

"እሱ ነው እንጂ! ውሰጃት ልጄ፣ እህትሽ ትጽናናባት።"

የውብዳር ብራናዋን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጎጠቻት። ያኔውኑ ብትወጣ ምን ነበረበት! ግን የሰው ዓይን መች ይጠግባል? ቀና ስትል ቆጡ ላይ አንድ ትልቅ ሸራ አየች፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ ዙሪያው በወርቃማ ቀለም የደመቀ። ለበዓል የሚሰበሰበው ዘመድ ሁሉ ታሰባት። "ለእህቷ ይቺን ብጫቂ ቆዳ አመጣች" ሲሉ ገና ከአሁኑ የሰማቻቸው መሰላት።

"ያኛውስ መሪጌታ?"

"እሱ የደብሩ ነው፤ ለጥምቀት ላደርስ ቃል ገብቻለሁ። ደግሞስ ለሐዘንተኛዋ ምን ይሠራላታል? የያዝሽው ይበቃል።"

"ግድ የለም፣ በቅርብ ልየው። ደብሩን እኔ አነጋግራለሁ።"

ቆጡ ላይ የተደገፈውን መሰላል እስኪይዙላት እንኳ አልጠበቀችም። ወጥታ ሁለት እጇን ወደ ሸራው ስትዘረጋ ብብቷ ተከፈተ። ከመሰላሉ ሥር ለብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ የተዘፈዘፈበት ገንዳ ነበርና፣ ያቺ ጥቅል እዚያ ውስጥ ገባች።

የውብዳር ወርዳ እስክትደርስ መሪጌታ አውጥተው ዘርግተዋታል። በሙጫ የተበጠበጠው ቀለም ውሃውን አልቻለውም። ሜዳው አረንጓዴ እድፍ ሆኗል። ዱላው ይታያል፤ ፊቱ ግን የለም።

"እንደገና ይሣሉልኝ፣ በእመብርሃን!"

መሪጌታ ፊቱ የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ። "እያየሁት ነው የሣልኩት ልጄ። አሁን ከወዴት አምጥቼ ልየው?"

የውብዳር ሸራውን ዳግመኛ አልጠየቀችም። እሳቸው አስጠንቅቀዋታል፣ እህቷ ምንም አታውቅም፤ ጥፋቱን የምታካፍለው ሰው እንኳ አጣች። ለሰው ዓይን ብላ የእህቷን መጽናኛ በገዛ እጇ ማጥፋቷ እንደ እሳት አቃጠላት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እየተንሰቀሰቀች ወጣች።

የመሪጌታ አማት እማሆይ ወለተ ሥላሴ በሩ አጠገብ ጥጥ ሲፈትሉ ሁሉንም አይተዋል። አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ "ምነው እማሆይ፣ ሴትዮዋ ምን ሆና ነው?" ቢላቸው፣ እንዝርታቸውን አስቀምጠው በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ፦ "ምን ትሆናለች ልጄ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አሉት።