ከየቤቱ አሥር ክንድ

አንዲት እናት ነበረች። እኔ ለተፈናቃዮች እህል ሳሰባስብ ጆንያህን ደጄ አውርደህ፣ ዝናብ መትቶት የሻገተውን ማሽላ ብሰጥ ከምንም አይሻልም ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እንግዲያው ቁጭ ብለህ ስማኝ፤ መሃል ላይ አታቋርጠኝ።

ይህች እናት ትልቁን ልጇን ወንዝ ወስዶባታል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወንዙ ገና አልጎደለም ነበር፤ ልጁ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ሊሻገር ገብቶ በዚያው ቀረ። የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት። በዓመቱ ያው መስከረም መጣ፣ ወንዙም እንደዚያው ሞላ። መንደርተኛው ፈርቶ ልጆቹን ቤት አስቀመጠ። ድልድይ እንሥራ ተብሎ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ አገር ደንቡ መጀመሪያ የመንደሩ ባለጸጋ ቃል ይገባል፣ ሌላው እሱን አይቶ ይከተላል። ባለጸጋው እያሰብኩበት ነው አለ። አይ ሰው! ሁሉም እያሰበበት ወደ ቤቱ ሄደ።

እናትየዋ ነደዳት። ስብሰባውን ተወችና በየቤቱ ዞረች። ብር አልጠየቀችም። ከየቤቱ አሥር ክንድ የቃጫ ገመድ ስጡኝ፣ ቀጣጥለን ከዳር እስከ ዳር እንወጥረውና ልጆቹ እሱን ይዘው ይሻገሩ አለች። እዚያ ቃጫ የማይገመድበት ቤት የለም፤ ደሃው አላፈረም፣ ሀብታሙም ማመካኛ አጣ። ባለጸጋውም ሰጠ። የሰጠው ግን ከበረት ያነሳውን፣ የከብት ሽንት የበላውን ገመድ ነው። እንዳይታወቅበት ላዩን በአዲስ ቃጫ ጠመጠመው። የእሱ ልጆች የሚማሩት ከተማ ነበር።

ገመዱ ተወጠረ፣ ሰው ሁሉ ወንዙ ዳር ተሰበሰበ። ያኔ እናትየዋ አንድ ነገር ጨመረች፦

«ገመድ የሰጠ ሁሉ አስቀድሞ የሌላ ሰው ልጅ ይዞ ይሻገር። ልጆቹ ብቻቸውን የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።»

እንደ ደንቡ ባለጸጋው ይቅደም ተባለ። እናትየዋም የቀረቻትን ልጅ እጅ በእጁ አስያዘችው።

እምቢ እንዳይል ሰው ያየዋል። ገባ። ውኃው ጉልበቱን አልፎ ወገቡ ላይ ሲደርስ ልጅቱን ባንድ እጁ ታቀፋት። የራሱ ገመድ የተቀጠለው መሃል ላይ፣ ውኃው በሚበረታበት ቦታ ነው። እዚያ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ልጅቱ አንገቱን ጥምጥም አድርጋ ይዛ «አባባ፣ ለምን ቆሙ?» አለችው።

ወደ ኋላ ተመለሰ። ልጅቱን ለእናቷ አስረከበና በሰው ሁሉ ፊት «የኔ ገመድ ብስብስ ነው፤ ቁረጡት» አለ። ሰው ጮኸበት፣ ሊመታው የተነሳም ነበር። እናትየዋ ልጇን አቅፋ አለቀሰች እንጂ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። እሱም እዚያው ቁጭ ብሎ መዳፉ እስኪላጥ አዲስ ገመድ ሲገምድ ዋለ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ከምንም ይሻላል ያልከኝ አንተ ነህ። ገመድ ባይኖር ኖሮ ፈርተው ቤት ያስቀመጡት ልጅ ውኃ ውስጥ አይገባም ነበር፤ የሚያስገባው ገመድ አለ ተብሎ መታመኑ ነው። ያንተም ማሽላ ያው ነው። አንዲት እናት እህል ተሰጠኝ ብላ፣ አንተን አምና ፈጭታ ልጇን ታበላዋለች። እስቲ ከዚያ ማሽላ ቤትህ አስጋግርና መጀመሪያ የራስህን ልጅ አጉርሰው። እጅህ እምቢ ካለህ፣ ጆንያውን ከደጄ አንሳልኝ።